ግድግዳ ሲመታ

የወሩ መጨረሻ፣ ሄርማታ ላይ ዝናብ፣
እኔና ሲቲና ከቆርቆሮው በታች ተቀመጥን ለሒሳብ።
እሷ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ጫፍ አንጠልጥላ፣
ደረሰኝ ታነባለች፣ አንዱን ካንዱ ነጥላ።
እኔ በጫማ ካርቶን፣ በክዳኑ ጀርባ፣
ቁጥር እደረድራለሁ፣ የሚወጣ እንጂ የማይገባ።

«ውኃ?»
«መቶ ሰማንያ። በሳምንት ሁለቴ ነው እኮ የመጣው።»
«ቆጣሪውስ?»
«አየር ሲያልፍም ይዞራል፤ እሱን ማን ይቆጣው!»
«መብራት?»
«ሦስት መቶ አርባ።» ዝም አልን፤ ዝምታ እንኳ አያስከፍል።
«ዕድር?»
«እሱን ተወው፤ ከሞት ጋር ዋጋ አንከራከርም፣ ይከፈል።»

«ኢንተርኔት?»
እዚህ ላይ ሲቲና መነጽሯን አወለቀች፣
ደረሰኙን እንደ እንቁላል ወደ አምፖሉ አንስታ አጮለቀች።
«ሺህ ሁለት መቶ! ተማም፣ የጡረታህን ሲሶ
የማይጨበጥ ነገር ወሰደው ጨርሶ።»
ኢክራም ከመኝታ ቤት፣ ነጂብ ከሳሎን፣ ጆሯቸው እንደ ድመት ቆመ፤
«ይቆረጥ» የሚል ቃል ገና ሳይፈጸም ቤቱ ሁሉ ታመመ።

በማግስቱ አጂፕ ወረድኩ።
አንዱ ሻጭ ከወዲህ፣ ሌላው ከማዶ፣ ዣንጥላውን ዘርግቶ፣
ሁለቱም «አባባ!» ይሉኛል፣ ያንዱ ድምፅ ካንዱ በርትቶ።
«አምስት ሜጋ፣ አሥር ሜጋ፣ ገደብ የለሽ» ይላል አንዱ፣
«ከኛ ጋር ሦስት ወር ግማሽ ዋጋ» ይላል የማዶው ጉዱ።
«ከሦስት ወር በኋላስ?» አልኩት።
ልጁ ሳቀ። ጫማውን አየ። ወረቀቱን አየ፤
ከግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ታየ።
«አዌቱ ሲሞላ፣ መብራት ሲጠፋስ?» ብዬ ያንደኛውን ጠየቅኩት፣
«አስተማማኝ ነን» ሲለኝ ዣንጥላውን ንፋስ ነጠቀው፤
ከቦዩ ውስጥ እኔ ነኝ ሮጬ የለቀምኩት።

ቤት ስመለስ ነጂብ ስልኩን ይዞ፣ እንደ ውኃ ፈላጊ ይዞራል፣
«ሳሎን ሁለት። ጓዳ አንድ ተኩል። እዚህ ጋ ግን፣ አባ፣ ይበራል!»
ሳጥኗን፣ ያቺን አራት ዓይና፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር ያኖርኳት፣
አሁን ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ አገኘኋት።

ወደ ሲቲና ዞርኩ።
እሷ ወደ ጣሪያው፤ ጠብታ የምትቆጥር መሰለች፣
«የባንቺወሰን ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ምን ላድርግ?» አለች።
«ከባንኩ አጥር ሥር ቆሞ፣ በሰው መስመር ሲያጠና አመሸ፣ ሲያስል አደረ፤
የምስጢር ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት፣ በቀዳዳው አሳለፍኩለት፤ ይኸው ነው የነበረ።»

መቆጣት ፈለግኩ። ካርቶኑን ፈለግኩ። ቁጥሬን አየሁት።
ሺህ ሁለት መቶን ለሁለት አካፈልኩ፤ ሳላስበው ለሦስት አካፈልኩት።

ሦስት ቤት ተሰበሰብን፤ ባንቺወሰን፣ ልብስ ሰፊው ዳና፣ እኛ፣
ነገሩ ጫጫታ፣ ኢክራም ጸሐፊ፣ ሲቲና ዳኛ።
ዣንጥላዎቹን ተውን፤ የድሮውን መስመር፣ ዝግ ያለውን መረጥን፣
በየቤቱ ሦስት መቶ ሊወጣ ቃል ተቀባብለን ቆረጥን።
ሕጉ እንዲህ ነው፦ ፈተና ያለበት ግድግዳውን አንዴ ይመታል፤
ዳና ድራማውን፣ ነጂብ ጨዋታውን፣
እያጉረመረመ ይተዋል፤ ሌሊት ይመለስበታል።
ሁለቴ ከተመታ ሰው ታሟል፤ ያኔ መስመር ሳይሆን እግር ነው የሚያስፈልገው።
ሦስቴ? ገና አልተስማማንም፤ ዳና ለቀልድ ነው የሚፈልገው።

ዛሬ ደግሞ የወሩ መጨረሻ። «ተረፈ» የሚለውን ልጽፍ ስል፣
«ቆይ፣ ቆጣሪው!» ትላለች ሲቲና፤
ደረቁ ቧንቧ ይተነፍሳል፣ አየር ሲቆጥር፣ ሲቀጥል።

ግድግዳው ተመታ። አንዴ።
ስልኬን ደፋሁ። ዜናው በመሀል ቀረ፣ ማን እንዳሸነፈ ሳላውቅ፤
ማዶ አንድ ልጅ አለ፣ ስለ ብርሃን ፍጥነት
በሁለት ሜጋ፣ እየተንጠባጠበ፣ ዝግ ብሎ ሲያውቅ።