አንገት የሚያስደፋ

ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ፒያሳ፣ ጠባብ ደረጃ አለ፤
የሚወርደው እስኪያልፍ፣ የሚወጣው ግድግዳ ታክኮ የዋለ።
እላይ፣ ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ፣
ጋሽ ኅሩይ፣ የዝንብ ዓይን የምታህል ብሎን በወረንጦ ይዞ ሲያገላብጥ፣
ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦ «ስንት ይዘሻል?»
የእቁቤን ነገርኩት። «ለአንዱ፣» አለ፣ «ይደርሳል።»

ሦስት አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ደረደረ፤
ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሰፈረ፣
እንደ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፦
የላይኛው ተከራይ ነው፣ አይቶ የሚያልፍ፤
የታችኛው፣ ያየውን የሚያስቀር ባለርስት።

የመጀመሪያው ሉቢቴል፤ በደርግ ጊዜ ከሞስኮ የመጣ፣
አካሉ ፕላስቲክ፣ ብርሃን በስንጥቁ ሳያስፈቅድ ገብቶ የሚወጣ።
ዋጋው ከጫማ አይበልጥም። አነሣሁት፤ ቀለለኝ።
መልሼ አስቀመጥኩት፤ ቅለቱ ከበደኝ።

ሁለተኛው ሮሌይኮርድ፤ በሕልሜ የለመድኩት፣
ስሙን ስንት ሌሊት በስልኬ ብርሃን ያነበብኩት፤
ቆዳው ያልተላጠ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ፣ የጀርመን።
ጋሽ ኅሩይ ባትሪ አበራበት፦ «እዪ እስቲ ይህን።»
ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ በቅሏል፣ የሸረሪት ድር መሳይ፤
«ስንት ክረምት ቁምሣጥን የኖረ ነው። ያምራል፤
ግን በጉም ነው የሚያይ።»

ሦስተኛው ያሺካ፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ፣
ወድቆ የተነሣ።
ባለቤቱ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበረ አሉ፣ እዚሁ ፒያሳ።
«አትዪው፤ ስሚው፣» ብሎ ወደ ጆሮዬ አስጠጋው፣
አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ መምቻውን ሲነካው፦
ዝዝዝዝዝዝ… ጠቅ።
እንደ ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ከመናገሩ በፊት ሲጠነቀቅ።

ክዳኑን ከፈትኩ። አንገቴን ደፋሁ።
መዳፍ በሚያህል መስታወት ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ መንገዱን አየሁ።
ግራው ቀኝ ሆኗል።
አራት ኪሎ ተብሎ የተጠራው ሚኒባስ ወደ ጊዮርጊስ ይሄዳል፤
ሎተሪ አዟሪው በግራ እጁ ይቆርጣል፤
የፈረሰው ወገን በቆመው ቦታ፣
የቆመው በፈረሰው ቦታ ይታያል።
ልከተለው ወደ ቀኝ ብል፣ ከተማው በግራ ያመልጠኛል።

ሳቀ ጋሽ ኅሩይ። «ሁሉም መጀመሪያ ይስታል።
ያኛው ዓይነት ካሜራ፣ ፊት ላይ ይደገናል፤ ሰው ይደነግጣል።
በዚህ ግን፣ ቀድመሽ እጅ ትነሻለሽ፤
ሰላምታ መስሎት አጸፋውን ሲመልስ፣
ያኔ ታነሺዋለሽ።»

አንገት የሚያስደፋ ነገር ቤቴ እንዳታመጪ፣ ይል ነበር አባቴ፤
ይኸው ላመጣ ነው፣
በማሰሪያው አንጠልጥዬ፣ ካንገቴ።

ከፈልኩ። ፊልምስ? አልኩት።
አንድ ጥቅል፣ አሥራ ሁለት ፎቶ፤ ዋጋውን ነገረኝ።
የታክሲ ብቻ ነው የቀረኝ።
ባዶውን ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ላይ አንዱ
ግድግዳ ታክኮ አሳለፈኝ።

ከታች፣ ጃንጥላ የሚጠግነው ደለለኝ፣ አንገቴን ስደፋ አይቶ፣
መርፌውን ጃኬቱ ላይ ሰክቶ፣
ኮሌታውን አስተካክሎ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። አልሣቀም።
ፊልም የለውም ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።
በግራ ስፈልገው በቀኝ፣ በቀኝ ስፈልገው በግራ፣
ከስንት መሳት በኋላ፣ መሃል ላይ ተገኘ፣
ከነመርፌው፣ ከነጃንጥላው ጋራ።
ዝዝዝዝዝዝ… ጠቅ።

«መቼ ይደርሳል?» አለኝ።
«ደሞዝ ሲወጣ፣» አልኩት፣
ቀና ሳልል።