ንዑስ አንቀጽ

አል ወክራ፣ ከባሕሩ ዳር፣ የቪላዎች ግቢ፣
እኔ የበር ዘብ ነኝ፤ ገቢ ወጪ መዝጋቢ።
ወልድያ ሳለሁ ግን ሰዋስው ነበር እንጀራዬ፤
ጠመኔ ያነጣው እጅጌ፣ እሱ ነበር መለያዬ።
አሁን የደንብ ልብስ አለኝ፤
ደረቱ ላይ የማላውቀው ሰው ስም ተጠልፎበታል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከዘጠነኛው ቪላ፣
ሉባባ ቆሻሻ ልትጥል ትወጣለች ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ።
ከፌስታሉ ጀርባ የቤቱ ልጅ ደብተር አለ፣
ጥጉ በካውያ የተቃጠለ።

"መምህር፣ ይቺ 'ቱ' ምንድን ናት? በየገጹ አገኛታለሁ፤
ከግሡ ፊት ቆማ፣ እንደ እርስዎ፣ በር ስትጠብቅ አያታለሁ።"

ሳቅኩ። "ግእዙ ንዑስ አንቀጽ ይላታል፤
አንቀጽ በር ነው፤ ትንሿ በር ማለት ይሆናል።
በእኛ ቤት በረኛዋ 'መ' ናት፦ መብላት፣ መተኛት፣ መሄድ፤
በእነሱ 'ቱ'። ትናንት የላት፣ ነገ የላት፣ ባለቤት የላት፣ ወይ ዘመድ።
'ሄድኩ' ስትይ አንቺ አለሽበት፤
'መሄድ' ግን ባዶ ቤት ነው፣ ማንም ገና ያልገባበት።"

"እመቤቴ ታዲያ 'ቱ' አትልም፤
ዋሽ! ኩክ! ነው የምትለው።
የእሷን በር ማን ነቀለው?"
"ትእዛዝ በር አያንኳኳም" አልኳት።

ሐሙስ 'ስቶፕ' ላይ ደረስን፤ ጉድ ያለበት ቦታ፦
'ስቶፕድ ቱ ሉክ'፣ ለማየት ቆመች፤
'ስቶፕድ ሉኪንግ'፣ ማየት ተወች፤ በአንዲት 'ቱ' ተለይታ።
ሉባባ ወደ ባሕሩ ዞር አለች፤
"ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ" አለች።

በወሩ መጨረሻ የሳሙና ካርቶን ብጣሽ ይዛ መጣች፤
በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንድ መስመር ጽፋለች፦
'ፕሊስ ማዳም ሌት ሚ ቱ ጎ።'
ኮንትራቷ ካለቀ አምስተኛ ወሩ ነው።
"ያርሙልኝ፤ ስሕተት አይተው እንዳይስቁብኝ ነው።"

ላጲስ አወጣሁ። ሕጉ የሰዋስው ነው፣ የእኔ አይደለም፦
'ሌት' ካለ፣ 'ሜክ' ካለ፣ 'ቱ' የሚባል ነገር የለም።
የሚፈቅድም የሚያስገድድም ሲመጣ ትንሿ በር ትነሣለች፤
ሁለት ፊደል ናት፤ ሁለቴ ባሻት ጠፋች።
"አሁን ልክ ነው" አልኳት።
"አጠረችሳ" አለች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋት።

ሰኞ ቆሻሻውን ሌላ ሴት ጣለች፤ አማርኛ አትሰማም።
የቀን ተረኛው ዲል ባሃዱር ትከሻውን ነቀነቀ፤ አላየሁም።
መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ ከዘጠኝ የወጣ የለም።

ሄደች? ትሄዳለች? ወሰዷት?
ስንት ዓመት ግስ ያረባሁ ሰውዬ
አንዱን መምረጥ አቃተኝ።

የላጲሱ ፍርፋሪ ከመዝገቡ እጥፋት ውስጥ አለ፤
ልጠርገው እልና እተወዋለሁ።
መኪና ጥሩምባ ይነፋል።
በር እከፍታለሁ።