ጥርስና ቦርሳ

ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ማታ መብራት ሲበራ፣
ደላል በቤት ሥራዋ፣ እኔ በካውያ ሥራ።
«የአያቴን ጥርስ ምን እንበለው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣
«ፌክ ነዋ» አልኳት፤ ሳቅ ገደላት፣ በእርሳሷ አስፈራራችኝ፦
«ፌክ የማማ ቦርሳ ነው፣ ዓይን የሚያታልለው፤
ጥርስ ማንን አታለለ? ፎልስ ነው የሚባለው።»

ፓስፖርቴ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤
ያገሬ ደላላ የጻፈው እዚያው ተኝቷል፦
ሐሊማ፣ ሃያ ስድስት ዓመት።
ዘርትሁን ነኝ።
በመስከረም አሥራ ዘጠኝ እደፍናለሁ።

«ስምስ፣ ደላል፣» አልኳት ኮሌታ እየገለበጥሁ፣
«የውሰት ሲሆን?»
«ስምም እንደ ጥርስ ነው። ፎልስ።»
እርሳሷን ቀረጸች፣ ፍርፋሪውን እፍ አለችው፤
«ለምን ጠየቅሽኝ፣ ሐሊማ?»