አንድ ሜትር ከሃያ

ጎንደር፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ጣሊያን የሠራው ቤት፣
ከደረጃው በታች አለች፣ የተረሳች ኪስ ናት፤
ወርዷ ሰማንያ፣
ርዝመቷ አንድ ሜትር ከሃያ፣
ጣሪያዋ እንደ ደረጃው ወደ ኋላ የሚያዘነብል፣
ቆሞ የገባን ሰው «አጎንብስ» የምትል።

እማማ ትርንጎ ጠሩኝ ለሥራ፦
«ልብስ ልሰቅልባት ነው፤ ቀባልኝ፤ ትስፋ፤ ታብራ።»
«እማማ፣ ቀቢ ነኝ፤ ግንብ አልገፋ።
በብሩሽ ተመትቶ፣ የት አገር ግድግዳ ሰፋ?»
«አንተ ቀባ» አሉኝ፣ «መስፋቱን ለኔ ተው፤
ቤት የሚሠራው ዓይን ነው፤ ድንጋይ ምኑን ሠራው?»

ገረመኝ። የልብስ ማስቀመጫ፣
በሩ ተዘግቶ ሊውል፣ ምን ያደርጋል ማጌጫ?
ኮት ብርሃን አይለምን፤ ጃንጥላ አይፈራ ጨለማ፤
ማን ሊያየው ነው አልሁ በሆዴ፣ ሰው እንዳይሰማ።

ግን እንጀራ ነው። ወረድሁ ቅዳሜ ገበያ፤
ነጭ አራት ሊትር፣ ቢጫ አንድ ማንኪያ።
(ነጭ ብቻውን ጠባብ ቤት ውስጥ፣ እንደ ሆስፒታል ይቀዘቅዛል፤
ቢጫ ጠብ ሲልበት ግን፣ የጠዋት ፀሐይ ይመስላል።)
አዛናው ዋጋ ሲጠራ፣ ሰማይ ነካ አፉ፤
ስንከራከር ረፈደ፤ አንድ ብሩሽ መረቀልኝ በትርፉ።

እዚህ አገር አበው፣ ጣሪያ ላይ የመላእክት ዓይን ሣሉ፤
እኔ ደግሞ ቁም ሣጥን፤ «ለሁሉም ጊዜ አለው» ይላሉ።

መጀመሪያ ፋቅሁ። አረንጓዴው ረገፈ፣
ከሥሩ ቡኒ፣ ከቡኒው ሥር ኖራ፤ ዘመን ከዘመን ላይ ተቀረፈ።
ኖራው ላይ ስደርስ፣ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ፣
ጭረት አየሁ፤ ምስማር የጫረው፣ ተከታትሎ።
ሃያ ሦስት ቆጠርሁ።
ስቱኮዬን አንስቼ፣ ልደፍነው ጎነበስሁ።

«ተወው!» አሉ ከኋላዬ።
(መኖራቸውንም አላወቅሁ።)
«ያ የኔ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣
እንጀራ እናቴ፣ ስኳር ሰረቀች ብላ፣
እዚህ ትቆልፍብኝ ነበር፣ ቁልፉን በመቀነቷ ጠቅልላ።
በተዘጋብኝ ቁጥር አንድ ጭረት። አላለቀስሁም፣ ቆጠርሁ፤
ሃያ አራተኛው ሳይደርስ አክስቴ ወሰደችኝ፤ አዘዞ አደግሁ።»
ይህን ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤
ስለ ምሳ ያወሩ ይመስል፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ሌላ ሆነ።
ጣሪያውንና ግድግዳውን፣ አንድ ቀለም አደረግሁት፤
ማዕዘኑ የት እንደሚያልቅ ዓይን እንዲያጣው፣ መስመሩን አጠፋሁት።
የኋላውን ግድግዳ፣ ገርጣ ያለ ሰማያዊ ቀባሁት፤
የሩቅ ቀለም ነው ይህ፤ ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ከጎሃ ጫፍ ወደ ደምቢያ ያየሁት።
የበሩን የውስጥ ፊት፣ ሦስት እጅ ሰጠሁት፤
ያን ፊት የሚያየው ማን ነው? እዚያው የቆለፉበት።

ጭረቶቹንም ቀባሁ። ስቱኮ ግን አልነካቸውም፤
ነጭ ለበሱ እንጂ፣ ከግንቡ አልጠፉም፤
አምፖሉ ከጎን ሲመታቸው፣ ከቀድሞው ይልቅ ጎሉ፤
ሃያ ሦስት ቀጫጭን ጥላ፣ ቆመው ይውላሉ።

ሲደርቅ ጠራኋቸው። ጫማ አውልቀው ገቡ፤
ከወለሉ ላይ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተሰበሰቡ።
«ዝጋው።»
«እማማ…»
«ዝጋው። መብራቱን ግን ተወው።»
ዘጋሁት። ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ፤ ለካ ቁልፍ ከባድ ነው።

ከውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ባጃጅ አለፈ፤ ሌላም አለፈ፤
ከውስጥ ኮሽታ የለም፤ ላብ ባንገቴ ተንጠፈጠፈ።
በመጨረሻ ድምፅ መጣ፦ «ቀለሙ ስንት ፈጀ?»
«ሁለት ሺህ አራት መቶ።»
«ውድ ነው» አሉ፣ ሳይወጡ።

ሲወጡ ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ልማድ ነው። ወርዷ ያው ሰማንያ፣
ርዝመቷ ያው አንድ ሜትር ከሃያ፤
እንዲያውም በቀለሙ ውፍረት፣ የፀጉር ያህል ጠባለች፤ ይህን አልነገርኋቸው።
«ጃንጥላዬን ከዳር ሰቅዬ መጣሁ» አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው፤
«መንገዱ ግን ሩቅ ነው።»