አንገቱን ብቻ

ከመኪና ግርግር ጀርባ፣ የስፌቱ ጩኸት ሲከስም፣
አንዲት ዝቅ ያለች በር አለች፤ ጎንበስ ያላለ አያልፍም።
የዘይት ቆርቆሮ ታቅፌ፣ በየርምጃው የሚያቃጭል፣
ገባሁ። አው ኡመርዲን ቀና ብለው፣
«ምን ይዘሻል እንዲህ የሚል?»

«ቀለህ ነው።»
«የማን?»
«ያባቴ።»

አባቴ ሃምሳ አለቃ ቱሉ፣ የተኩስ ሜዳ ቆጣሪ፣
ለጓደኞቹ አሰልቺ፣ ለመዝገቡ ግን አክባሪ፣
ጥይት በቁጥር ይሰጣል፣ ቀለህ በቁጥር ይለቅማል፣
በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ ወጪና ገቢ ያስታርቃል።
አንዲት የጎደለች ለታ፣ በፋኖስ ሣሩን ሲበረብር፣
እራቱ እንደተከደነ፣ ሳይነካ ያድር ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ፣ ከአርባው ማግስት ሳጥኑ ሲከፈት፣
ከደንብ ልብሱ ሥር የተገኘበት
መዝገብ የማያውቃቸው ሠላሳ ሰባት።

እናቴ «ይጣል» አለች። ወንድሜ «በኪሎ ይሸጥ» አለ።
ሲፈን፣ ለሠርጓ ወር የቀራት፣ አንዱን አንስታ በፀሐይ አየችው፤
«ኩል ይያዝልኝ» አለች፤ «አባቴ የተወው ሌላ ምን አለ?»

አው ኡመርዲን መስኮት ዘጉ። «ዓይንሽ ጨለማ እስኪለምድ ቆዪ፤
ናስ በቀን ብርሃን ይዋሻል፤ መቅላቱን በጥቁር ላይ እዪ።»
ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞሉ፤ ቀለሆቹን እስከ ወገባቸው
ወንዝ እንደሚሻገር ጓድ ደርድረው አቆሟቸው።
«እግሩ እንደጠነከረ ይቅር። አንገቱን ብቻ፣ ያውም ላፍታ።
ካልለሰለሰ፣ አፉን ስናጠብ ይሰነጠቃል በመዶሻ ምታ።
የተተኮሰ ናስ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው ነው የሚሰብረው፤
ብረት ከውሃ ሲወጣ ይኮራል፤ ይሄ ግን ለስልሶ ነው የሚቀረው።»

በኩራዙ ላይ በቀጭን ቱቦ እፍ አሉ፤ ነበልባሉ ቀጠነ፤
የመጀመሪያው አንገት ሰማያዊ ሆነ፣ ሐምራዊ ሆነ፣
ከዚያ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን መስሎ፣ ጥቂት ቀላ።
«በቃ!» ገፋ አደረጉት። ውሃው ጪስ አለ፤ ቅላቱን በላ።

ሰባተኛውን ለኔ ተዉልኝ። እፍ አልኩ፤ ቀላ፤ አማረኝ፤
አንድ ትንፋሽ ጨመርኩበት፣ መልኩ ዓይኔን ሲያባብለኝ።
ከንፈሩ ረገበ፣ ተጣጠፈ። «እሱስ አለቀ» አሉ።
«በማለስለስና በመግደል መሐል ያለው አንድ ትንፋሽ ነው፤
ቁጠሪ!» ሲሉ፣
አባቴን መሰሉ።

እያንዳንዱን እሳት ከማሳየታቸው በፊት ታቹን ገልብጠው ያያሉ፣
የመርፌዋን ጠባሳ በአውራ ጣት ጥፍር ይዳስሳሉ።
ሠላሳ ስድስት ጠባሳ ነካ ጣታቸው።
ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ቆመ።
መስኮቱን ከፈቱ። የጎረቤት ግድግዳ ኖራ
በጁገል የማታ ጀምበር እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲያበራ፣
ወደዚያ ብርሃን አስጠጉት።

«ይሄ አልተመታም።»

አፉ ክፍት፣ ባሩዱ የለም፤
ታቹ ግን ልሙጥ፣ እንደ አዲስ ሳንቲም።
ሰው ነው እርሳሱን የነቀለው፣ ሰው ነው ባሩዱን ያፈሰሰው፣
ጎርሶ፣ አልሞ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያልተኮሰው።
በየትኛው ሌሊት? በማን ፊት? ያኔ ማን ነበር አዛዡ?
ለዚህስ መዝገብ ላይ ምን ጻፈ፣ ሲንቀጠቀጥ እጁ?
ወይስ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ምን አውቃለሁ።

«ይሄን እሳት አላሳየውም፤ ካፕሱሉ ዛሬም ነቅቶ ነው ያለ፤»
በጨርቅ ጠቅልለው በእጄ አኖሩት፣ ያን ያህል ዓመት ዝም ያለ።

ሒሳብ ስጠይቅ፣ «የተበላሸውን ተዪልኝ» አሉ፤
«ለችኩል ተማሪ ማሳያ።»

በሳምንቱ ሲፈን ተኳለች፤ አንገቱ ጠቦ፣ ክዳን በቅሎለት፣
የጥይት ቤት የኩል ቤት ሆኖ፣ መኳያዋ ገብቶ ሲወጣበት።
እኔ ከመዝገቡ የኋላ ገጽ፣ በሱ በቀዩ እስክሪብቶ፦

ወጪ፣ ሠላሳ ሰባት።
ገቢ፣ ሠላሳ አምስት።
አንድ በኔ ትንፋሽ የጠፋ።
አንድ፣ ያልተመታው፣

እሱን ገና አላስታረቅሁትም።