ወንዙ በቀኝ በኩል

ዘጠኝ ሌሊት አደረ፣ በስድስት ቁጥር ክፍል፤
የሦስቱን በብር ከፍሎ፣ የስድስቱን በሥዕል።

ዘርጋው ይባላል ስሙ፤ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ፣
ብሩሹን በቅባት ቆርቆሮ ነክሮ፣ ከከተማ ከተማ አላፊ።
«ጎሚስታ»፣ «ዳቦ አለ»፣ «ፀጉር እናስተካክላለን»፣
ከጣርማ በር እስከ አጣዬ፣ እጁን በየበሩ እናያለን።

ግን እዚህ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ማስታወቂያ አልሠራም፤
ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ቁርስ እንኳ አይጠራም፤
በባጃጅ እስከ ማሽላው ዳር፣ ከዚያ ወዲያ በእግር፣
ወደ ወንዙ ዳር ፍርስራሽ፣ ወደ ግንቦቹ ሰፈር።
ቀትር ላይ፣ ዝንብ እንኳ በሚሰንፍበት ሙቀት፣
ፀሐይ ካለት ካለት ስትሻገር፣ ቁጭ ብሎ ማየት፣
ይህ ነበር ሥራው።

ማታ ሲመለስ አቧራ ነው፣ እስከ ቅንድቡ አመድ፤
ድንጋይ ያነሳል በወሬ፣ እንደ ራቀ ዘመድ።
«ጭቃ የለው» ይለኛል፣ «ምርጊት የለው፣ ኖራ የለው፤
አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ስንት መቶ ዓመት የቻለው
ምን ተባብሎ ነው?»
                    እኔ ምን አውቄ፣
የአልጋ ሂሳብ ነው የማውቀው፤ ዝም አልኩት ስቄ።

ሊሄድ ሲል፣ ገንዘብ የለ፣ ጠቅልሎ አመጣልኝ
አቡጀዲ ጨርቅ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ።

ግንቡ አለ። ወደ መካ የዞረው ቅስት አለ።
ከስንጥቁ የወጣ ቁልቋል፣ ባየር ላይ ተንጠለጠለ።
ሰው የለበትም። ጥላ ብቻ፣ የሰው ቁመት ያለው፤
ማን ጣለው ብዬ ብጠይቅ፣ «እኔ ነኝ» ነው ያለው።
ወንዙ በቀኝ በኩል ነው። ቡናማው አልቆበት፣
ከራሱ ከወንዙ ደለል፣ በጣቱ ዝቆ ቀባበት።

ሰቀልኩት ከቁልፎቹ ጎን፤
ሹፌር ያየዋል፣ ረዳት ያየዋል፣ ክፍሉ ዝግጁ እስኪሆን።

አንድ ቀን ኑርዬ መጣ፣ ፓፓያ ይዞልኝ፤
አርጎባ ነው፣ የፍርስራሹ ዘበኛ። አየና ሳቀብኝ።
«አንቺ! ሰውዬው ሰክሮ ነበር? ወንዙ እኮ በግራ ነው!
ከነአያቴ፣ ከነአባቴ፣ ከግራ ነው የጠጣነው።»

አፈርኩ። ስድስት ሌሊት፣ ለተሳሳተ ወንዝ!
ላወርደው ነበር፤ ምስማሩ አልነቀል፣ ክንዴ አልታዘዝ
አሉኝና ተውኩት።

በነሐሴ፣ አንድ ሌሊት፣ ደጋው ዘነበ፣ ቆላው ሰማ፤
ድንጋይ ሲንከባለል አደረ፣ ድምፁ እስከ ከተማ።
ኑርዬ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ፓፓያ አልያዘ፤
እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ፈዘዘ።
«ቅስቱስ?» አልኩት።
                    «የለም።»
«ግንቡስ?»
          «ግማሹ።»
                    «ወንዙስ?»
                              ዝም።
ቀኝ እጁን አነሳ።

ነቢይ ነው የሚሉ አሉ፤ ጠንቋይ ነው ያሉም አሉ።
እኔ ግን ትዝ የሚለኝ፣ የሄደ ለት፣ ኪሱ ሙሉ
ክብ፣ ልሙጥ፣ ውሃ ያሸው ጠጠር።
«ከማሽላው ማሳ ነው» አለኝ፣ «ከቀኝ፣ ከደረቁ አፈር።»

ዘርጋው አልተመለሰም። ደለሉ ከጨርቁ ይረግፋል፤
በየጠዋቱ፣ በቀስታ፣ መዝገቤ ላይ ያርፋል።
ከስሙ አጠገብ «ቀሪ፣ ስድስት ሌሊት» ያልኩት አለ፤
ዛሬ ብገልጠው፣ ደለል ሞልቶት ዋለ።