ሲጠፋ ይናገራል

ፑዌርቶ ማልዶናዶ፣ ከገበያው ጓሮ፣
የካስታኛ ቅርፊት አገኘሁ ተከምሮ።
ሴቶቹ ፍሬውን ፈልፍለው ሲሸጡ፣
ቅርፊቱን ለዝናብ፣ ለጭቃ ሲሰጡ፣
እኔ በማዳበሪያ ሞልቼ ወሰድኩት፤
አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ወቀጥኩት፣ አከሰልኩት፤
በታፈነ ብረት ድስት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ፣
ቀቀልኩት በውሃ እስኪለቅ አመሉ።

ጠዋት ሳጠልለው ቀጭን ሻይ መስሎ ወረደ፤
ዘበኛው ፍሎሬንሲዮ ስኳር ሊያመጣልኝ ሄደ።

ሻዩ ውስጥ ያለው ግን ከአቧራም ያነሰ፣
ከደቃቅ የደቀቀ፣ ከጢስ የኮሰሰ፤
አንዲት የራስ ፀጉር አሥር ሺህ ብትከፈል፣
ከስንጥሯ አንዷን እንኳ በወርድ የማያክል።
ሊቃውንቱ «ናኖ» ይሉታል በመጽሐፍ፤
እኔ «ፋኖሶቼ»፣ ስጠራቸው በአፍ።
ክፍሉን አጨልሜ፣ ወይን ጠጅ መብራት ሳበራ ከላይ፣
ጠርሙሱ ሰማያዊ ሆነ፣ የዝናብ ማግሥት ሰማይ።

የዚህ ብርሃን ጠባይ ግን ከሌላው ይለያል።
አይጮህም፣ አያፏጭም፣ ደወል አያውቅም፤
ባዚቃ ሲነካው ዓይኑን ይከድናል፤
ሲጠፋ ይናገራል።

ማክሰኞ መጣችልኝ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣
ገበያው ሳይሞላ፣ ጭጋግ ባለ ማለዳ።
ባልዲዋ ውስጥ ዙንጋሮ፣ ጢማሙ ዓሣ በል፣
ሌላውን ውጦ ውጦ ያበጠ እንደ በርሜል።
«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አሳደግኋቸው፣
ልጄን፣ የልጅ ልጄን፤ ይኸው ነው እንጀራቸው።
ትንሿ ግን ዘንድሮ ኩባያ ከእጇ ይወድቃል፤
ሐኪሙ ‹ይተዋታል› አለ። መብራትሽ ምን ይላል?»
አለችኝ ቆማ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ።

አንገቷ ላይ ወርቅ አለ። ቀጭን ሐብል፣ አዲስ።
ልጇ ዊልፍሬዶ ሰጣት ከላይኛው ወንዝ ሲመለስ።
እሱ በርሜል ውስጥ ገብቶ፣ ባዶ እግሩን፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣
ደለልና ባዚቃ ይረግጣል፣ ቀን ከቀን ደርቦ።
ባዚቃ ወርቅ ይወዳል፣ ይጣበቃል በፍቅሩ፣
እሳት እስኪለያቸው፣ እስኪገለጥ ምስጢሩ፤
ከሰል ላይ ሲያስቀምጠው በአሮጌ መጥበሻ፣
አንዱ ጢስ ሆኖ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል ለድርሻ።
ሰሙ ቀልጦ ሲሄድ ሁሉም ወርቁን አየ፤
ሰሙ የት እንደ ገባ ማን ተከትሎ ለየ?

ዝናብ አወረደው። ጭቃ ዋጠው። ትል ጭቃውን በላ፤
ትሉን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ሌላ፣
ሌላውን ዙንጋሮ።
ዙንጋሮን ደግሞ…

አውራ ጣት የሚያህል ቆርጬ ከጎኑ፣
በአሲድ አሟሟሁት እስኪጋመስ ቀኑ።
ሁለት ብልቃጥ ሞላሁ ከፋኖሶቼ ሻይ፤
በአንዱ ንጹሕ ውሃ፣ በአንዱ ዓሣው፤ ቆምን ልናይ።
መጋረጃ ጋረድኩ። ሁለቱም በሩ።
እሷ ሳቀች፤ «ውይ፣ ደግሞ ሲያምሩ!»
እኔ በሆዴ ቆጠርኩ። ሃያ። ሠላሳ። አርባ።
የግራው እንዳለ ነው። የቀኙን ከበደው፣ ዓይኑ እንቅልፍ እንደ ገባ።
ከዚያ ጠፋ።

በጨለማው መሐል የሚታይ አንድ ነገር፣
ከቀረው ብልቃጥ ብርሃን ተበድሮ የሚያበር፣
ሐብሉ ነበር።

«ስንት ነው?» አለችኝ። «ከተፈቀደው አራት እጥፍ፣» አልኳት።
«እሱን አይደለም፣» አለች። «ስንት ጉርሻ ነው ያጎረስኳት?»

መጋረጃውን ገለጥኩ። ሐብሏን አውልቃ፣
ከብልቃጡ ጎን አኖረችው፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ።
«ለልጄ ልመልሰው? ወይስ አንቺ ጋ ይደር?»
ዝም አልኩ። ለዚህ ጥያቄ የሚጠፋም የሚበራም
አንድ ፋኖስ አልነበረኝም።

ባልዲዋን አንሥታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ግን ቆመች፤
የሰፈሩ ውሻ ሽታውን ይዞ ሲሮጥ ተመለከተች፣
ባልዲውን ወደ ደረቷ አቅፋ፣ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤
«ለሱም አይሆንም፣ አይደል?» ብላ ጠየቀች።